ጥይት የሌለው ሽጉጥ

አዲስ አበባ፣ ልደታ ውስጥ ሽጉጥ በብዛት የሚታየው በር ላይ ነው። ሰው ወገብ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ እንዳይታይ ተብሎ ነው የሚታጠቀው። የምለው በየመግቢያው የተለጠፈውን፣ በቀይ ክብ ውስጥ ገብቶ በቀይ መስመር የተሰረዘውን ነው። ባንክ በር ላይ አለ፤ ሆቴል ደረጃ ላይ አለ፤ ጭፈራ ቤት መግቢያ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ጎን ተሰልፎ አለ። ልብ ብሎ ላየው ሰው ታዲያ አንድ ነገር ያስገርማል። የተሰረዘው ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ የዛሬ ሰው የሚይዘው ዓይነት አይደለም። ሆዱ ክብ፣ መዶሻው ወደ ኋላ ያፈነገጠ፣ እጀታው የተቆለመመ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ከካውቦይ ፊልም ውጭ ማንም ታጥቆት አይተን አናውቅም። ጥበቃው የሚፈትሸው ሌላ፣ ማስታወቂያው የሚከለክለው ሌላ። በሥዕሉ ከሄድን ልደታ ውስጥ በይፋ የተከለከለው ጥንታዊ ሽጉጥ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም ደግሞ ጥንታዊ ሽጉጥ መሰብሰብ የጭምት ሰው ሥራ ነው። ጡረታ የወጣ ሐኪም፣ የታሪክ መምህር፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የመቶ ዓመት ብረት ይፈታል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ይገጥማል። ቅዳሜ ሲሆን ይዞት ወደ ተኩስ ሜዳ ይሄዳል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ የለም። ሽጉጡ ግን ነበረ፤ ምናልባትም አለ። በየሣጥኑ ሥር፣ በየጣራው ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የስፌት መኪና ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ እየተቀባ ኖሯል። ልብስ ሰፊ ጎረቤት ያለው ቤተሰብ መሣሪያው አይዝግም ይባል ነበር። ስብስቡ ነበረ ማለት ነው፤ ሰብሳቢ ብቻ ነው የጠፋው።

ከሰብሳቢ ቀጥሎ ስለ ሽጉጥ በዝርዝር የሚናገር ሰው ካለ ዐቃቤ ሕግ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ያለበት ሰፈር ስለሆነ፣ እዚህ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሳይፈልግ የሰው ክስ ይሰማል። ጠበቃና ባለጉዳይ ወረቀት ዘርግተው ሲነጋገሩ ጆሮ አይከደን። ክሱ ሽጉጥ ካለበት አነጋገሩ ሁሌም አንድ ነው፤ የት አገር ተሠራ፣ የመለያ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ስንት ካዝና፣ ስንት ጥይት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የራሱ ሕግ አለው፤ ፈቃድ ከሌለ ወንጀል ነው፣ ቁጥጥሩም የፌዴራል ፖሊስ ነው። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ሽጉጡ ስሙ ኤግዚቢት ይሆንና በመጨረሻ ለመንግሥት ውርስ ይሆናል።

አውሮፓና አሜሪካ የሚታተሙትን የሰብሳቢዎች መዘርዝሮች ያየ ሰው ይህ ቋንቋ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም የሚጻፈው የፋብሪካው ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የአፈሙዙ ስፋት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ስንት በመቶው እንደቀረ ነው። ሰብሳቢውና ዐቃቤ ሕጉ ሳይተዋወቁ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። «የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም የመጨረሻው ነው፤ ለአንዱ ዋጋ ለመጨመር፣ ለሌላው ቅጣት ለመጨመር። እኛ ቤት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ጥያቄ የለም። የአያቱን ሽጉጥ ስም የሚያውቅ የልጅ ልጅ ብዙ አላገኘሁም። «ጣሊያን ሠራሽ ነው መሰለኝ» ይላል። ከማን ወገብ ላይ እንደተፈታ፣ የትኛው ወንዝ ዳር፣ ያን ቀን ዝናብ ይጥል እንደነበር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ይነግርሃል።

በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ የተተኮሰውን ሽጉጥ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ማን ይጠይቃል? ማን እንደላከው ግን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው፣ ቆንስሉ ካሜሩን በ1862 እ.ኤ.አ. ያደረሰው ስጦታ ነው። ላዩ ላይ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋናዋን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረበት። ነገሩን ሳስበው የሚከነክነኝ ይህ ጽሑፍ ነው። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ ካሜሩን ታሰረ፤ የእንግሊዙ ናፒየር ጦር ይዞ መጣ። ከእንግሊዝ በጊዜው የደረሳቸው የምስጋና ቃል ሽጉጡ ላይ ያለው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ያን ቃል ጨብጠው ሞቱ።

ከልደታ ብዙ ሳይርቅ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል ቅጂ ቆሟል። መድፍ ሐውልት ይሆናል፤ ትልቅ ነው፣ ልጆች ይወጡበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ለሽጉጥ ግን ሐውልት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የንጉሠ ነገሥቱ ጸጉር እንኳ ከለንደን የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ150 ዓመት በኋላ። ብረቱን ለመጠየቅ ገና ተራ ያልደረሰን ይመስላል።

ስለ ጥንታዊ መሣሪያ ስናወራ አንድ ነገር እንዳይረሳ። ወደዚህ አገር የገባው መሣሪያ ብዙው ሲገባም አሮጌ ነበር። አውሮፓ አዲስ ጠመንጃ ባወጣች ቁጥር የጣለችውን ነጋዴ ሰብስቦ በታጁራ በኩል ያመጣዋል። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ራሱ በ1887 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ ያለፈባቸው ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ለምኒልክ አመጣ። ቅኔውን ትቶ ንግዱን የያዘ ሰው ነበር፤ ንግዱም አልሆነለትም። ምኒልክ ዋጋውን ቀነሱበት፣ የሞተ ሸሪኩን የላባቱን ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ቆረጡበት። አክስሮ መላክ የሚያውቅ ገበያ መርካቶ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ እንጦጦም ያውቅ ነበር። ጥይቱ ደግሞ ከጠመንጃው በላይ ዕድሜ ያለው ሥራ አገኘ። በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጎን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዞር ነበር። በርበሬ ገዝቶ መልስ በጥይት መቀበል ምን ስሜት እንደሚሰጥ አስቡት። ዛሬ እንጦጦ ላይ ሴቶች ቀለህ አቅልጠው የአንገት ጌጥ ይሠሩበታል፤ ስለዚህ ጥይት እዚህ አገር ከተኩስ ውጭ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ሣጥኖች እንመለስ። ሣጥን ውስጥ የቆየው ሽጉጥ አንድ ዓይነት ብቻ ምረጥ ብባል ቤሬታ 1934ን እመርጣለሁ። አጭር፣ ደፍጠጥ ያለ፣ ሰባት ጥይት የሚጎርስ፣ ለጣሊያን መኮንን ወገብ የተሠራ ነው። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመንና በነፃነቱ ማግስት በአርበኛው እጅ የገባው ጥቂት አይደለም። ቤሬታ የሚባለው ቤት በ1526 እ.ኤ.አ. ለቬኒስ ጦር አፈሙዝ ሲያቀርብ የነበረ ቤት ነው፤ ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ከማሸነፋቸው ሦስት ዓመት በፊት። ጋርዶኔ የሚባል ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ ፋብሪካ ከግራኝ ዘመን እስከ ኮንዶሚኒየም ዘመን አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሠራ መኖሩ ደስ የሚል ነገር ነው ወይስ የሚያሳዝን፣ አልወሰንኩም።

የቤሬታው ውበት ጎኑ ላይ ነው። ከስሙና ከከተማው ስም ቀጥሎ 1937 ይልና ከአጠገቡ በሮማ ቁጥር 15 ይላል። 15ቱ ሙሶሎኒ ሮም ከገባበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረ የፋሺስት ዘመን ነው፤ ሰውዬው ዘመንን ከራሱ ጀምሮ ነበር የሚቆጥረው። አሁን ይህን ሽጉጥ የማረኩትን ሽማግሌ ጠይቁ። «በ33 ነው የማረክሁት» ይላሉ። በ37 ተሠርቶ በ33 ተማረከ! ከመወለዱ አራት ዓመት ቀድሞ የተማረከ ሽጉጥ። የውጭ ሰብሳቢ ይህን ቢሰማ አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ይመልሰዋል። እኛ ግን ሽማግሌውንም ሽጉጡንም እናምናለን፤ በአንድ ብረት ላይ ሦስት ዘመን ሲገናኝ እዚህ አገር ማንም አይደነግጥም። የሙሶሎኒው ዘመን ሃያ ጥቂት ዓመት ቆጥሮ ቆመ፤ የሽማግሌው ግን አሁንም እየቆጠረ ነው።

ከቤሬታው በኋላ ወገብ ላይ የመጣውን በቅደም ተከተል መናገር ይቻላል፤ የአገሪቱን ወዳጅነት ከመታጠቂያ ማንበብ ማለት ነው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ውል ተፈረመ፤ የንጉሡ መኮንኖች ወገብ ላይ ትልቁ ኮልት መጣ። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ ወጥታ ሶቭየት ስትገባ ኮልቱ ወርዶ ማካሮቭ ወጣ፤ አነስ ያለ፣ ስምንት ጎራሽ፣ በኪስም የሚያዝ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያሉ ጡረተኞች አንዱን ሽጉጥ ከሌላው ጋር ሲያነጻጽሩ መስማት የእግር ኳስ ክርክር ከመስማት አያንስም። የኮልት ደጋፊ ለማካሮቭ ንቀቱን አይደብቅም። የማካሮቭ ደጋፊ «ያ ብረት ወገብ ይሰብራል እንጂ ጠላት አይመታም» ይላል። ስለ ጥይቱ ፍጥነት የሚያወራ ግን የለም፤ ወሬው ሁሉ የትኛው ጄኔራል የትኛውን እንደያዘ ነው።

ሰፈራችን የታጠቀ ሰው ስም ያለው ሆስፒታልም አለው። ባልቻ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈ በሽተኛ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ዐድዋ ላይ የመድፍ አዛዥ እንደነበሩ ላያስብ ይችላል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ዐድዋ ሳይሆን 1920 ዓ.ም. ነው። ባልቻ ከሲዳሞ ጦራቸውን አስከትለው ራስ ተፈሪን ሊገዳደሩ መጡና ነፋስ ስልክ ሰፈሩ። ግብዣ ተጠሩ፤ ከተመረጡ ጠባቂዎቻቸው ጋር ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ተወደሱ። እሳቸው ግብዣው ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ሰፈራቸው ሄደው ለወታደሩ ብር እየከፈሉ በተኑት ይባላል። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ጦር አለቀ። አዲስ አበባ ካየቻቸው ትጥቅ ማስፈታቶች ሁሉ ብልሃት ያለበት ይህ ነው፤ ከግብዣው ሜኑ በቀር የጠፋ ነገር የለም። ባልቻ ግን ሽጉጣቸውን ረስተው አልሞቱም። በጠላት ዘመን ጣሊያኖች እጅ ይሰጣሉ ብለው ሲጠጉ ተኩሰው ጥለው እንደወደቁ በየቤቱ ይተረካል። በምን ተኮሱ ስትሉ ተራኪው ሁሉ የየራሱን መሣሪያ ያስታጥቃቸዋል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሽጉጥ የት ገባ? አንዱ መልስ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ደርግ አዲስ አበባን በአሰሳ አበጠራት። ቀበሌና አብዮት ጥበቃ ቤት ለቤት መሣሪያ ፍለጋ ገባ። ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት የተሠራው ሥራ በየሰፈሩ ይወራል። የአርበኛው አያት ቤሬታና የልጅ ልጁ የሚያነበው «ዴሞክራሲያ» የተባለ ኅቡዕ ጋዜጣ አንድ ላይ ተጠቅልለው ሽንት ቤት ገቡ። አያትየው ለወረቀቱ አዘኑ ይሆን፣ የልጅ ልጁ ለሽጉጡ? ሁለቱም ለነፍሳቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሽጉጥ ስሙ ሌላ ነበር፤ ማታ ማታ በየመንገዱ የሚሰማ ድምፅ፣ ጠዋት በየጥጉ የሚገኝ ሬሳ። ሽብሩ ቀይ ይሁን ነጭ ቀለሙን የሚለየው ገዳዩ ብቻ ነበር። ሽጉጥ የሚባል ነገር ዳግም ቤቴ አይግባ ብሎ የማለ ሰው ዘመኑን ለኖረው ሰው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሰብሳቢ ያልበቀለበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል። በሌላው አገር ሽጉጥ ለማርጀት ጊዜ አግኝቷል፤ እዚህ ሳያረጅ ሌላ ሥራ ይጠራዋል።

ከዚያ ደግሞ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ የልደታ መንደር ፈረሰ። የጭቃ ቤቶቹ ተነሡ፣ ኮንዶሚኒየም ቆመ፣ ምድር ቤቱ ሱቅና ካፌ ሆነ። ኤክስካቫተሩ ያን ሁሉ የድሮ ጉድጓድ ሲዝቅ ሹፌሩ ምን ምን እንዳየ ጠይቆ የጻፈ ጋዜጠኛ አላየሁም። ዛሬ ሰው ማኪያቶውን የሚያማስልበት ወለል ሥር፣ ከፋሺስት ዘመን ቁጥሩ ጋር የዛገ ቤሬታ ቢኖር አይገርመኝም። ሙዚየም ተብሎ አልተመዘገበም እንጂ የልደታ የመሣሪያ ሙዚየም እዚያ ነው፤ የመግቢያ ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ነው።

ሌላው መልስ ባሕር ማዶ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሰብሳቢዎች ስለ ኢትዮጵያ ማውራት አብዝተዋል፤ ስለ ቡናችንም ስለ ሯጮቻችንም አይደለም። አንድ አስመጪ ከአገራችን የወጡ አሮጌ መሣሪያዎችን በብዛት ስለሸጠ ነው። ብዙው ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ማርቲኒ ሄንሪ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ገዢው ዘንድ በቀጥታ ይላካል። ሰውዬው ኦሃዮ ውስጥ ሳጥኑን ይከፍታል። ሰደፉ ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል፣ በሽቦ ተጠምጥሟል፤ አልፎ አልፎ ፊደል ተቀርጾበታል። ሰውዬው ቁጥሩን ያነባል፣ ዓመቱን ያወጣል፣ ፋብሪካውን ያውቃል። ያችን ፊደል ግን ማንበብ አይችልም፤ የአንድ ሰው ስም መጀመሪያ ሳትሆን አትቀርም። ጠመንጃው የሄደው ሙሉ ታሪኩን ይዞ ነበር፤ ታሪኩ ግን ጉምሩክ ላይ አልተመዘገበም። ዐቃቤ ሕጉና ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት «የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ለእኔ ያ ጠመንጃ ያን ፊደል ከቀረጸው ሰው ቀዬ የወጣ ቀን ነው የሞተው፤ ኦሃዮ ላይ በደንብ ተወልውሎ መቀመጡን አልጠላም፤ ግን የሚያምር ሬሳ ነው።

መተኮሱስ? ይህን በአጭሩ ልናገር፤ የሚተኩሱት ይገርሙኛልና። የጥንት መሣሪያ ተኳሾች ዓለም አቀፍ ውድድር አላቸው። ሽጉጡ ከአፈሙዙ ባሩድ ይጠጣል፣ ከዚያ የእርሳስ ጥይቱ ይገፋል፣ ከዚያ ካብሱሉ ይደረጋል። ርቀቱ 25 ሜትር ነው። በ30 ደቂቃ 13 ጥይት ይተኮሳል፤ አሥሩ የተሻሉት ብቻ ይቆጠራሉ። ሦስቱ ይቅር ይባላሉ ማለት ነው፤ የትኛውም የእኛ ዘመን ተኩስ የማያውቀው ቸርነት። አንዱን ጥይት ለመተኮስ የሚወጣው ጣጣ ሦስተኛውን ቡና ለመቅዳት ከሚወጣው አያንስም። ጥቁር ባሩድ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጭሱ እስኪገለጥ ዒላማው አይታይም። ለዚያ ዘመን ብረት ጭስ አልባውን ባሩድ የሞላ ሞኝ ግን ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል፤ ጭስ አልባው ባሩድ በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሣይ ውስጥ ከተሠራ በኋላ የመጣ ጉልበት ስለሆነ የድሮው ብረት አይችለውም። እንግሊዝ በ1997 እ.ኤ.አ. ሽጉጥን ለሕዝቧ ከከለከለች በኋላ እንኳ ቢስሊ በሚባለው የተኩስ ሜዳ ታሪክ ያላቸው ሽጉጦች ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱ እዚያው ሄዶ ተኩሶ፣ እዚያው ጠርጎ፣ እዚያው ትቶት ይመለሳል። ሽጉጡ ታስሯል፤ ባለቤቱ ጠያቂ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው በሽጉጥ ዒላማ ለመምታት ሳይሆን ዜና ለመንገር ነው ሲተኩስ የኖረው። ወንድ ተወለደ፣ ይተኮሳል። ሙሽራ ገባ፣ ይተኮሳል። ትልቅ ሰው ሞተ፣ ይተኮሳል። ጥይቱ ወዴት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም፤ ሰማይ ሰፊ ነው ይባላል። ከተማ ውስጥ ይህ ቀርቷል፤ ደግ አደረገ። ከላይ የሄደ ነገር የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እንደሚመለስ ልደታ በደንብ ታውቃለች።

ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት የአባታቸውን ቤሬታ ሲያወሩ ነው የጥይትን ዋጋ ያወቅሁት። አባትየው አርበኛ ነበሩ፤ ሽጉጡን ሲማርኩ ካዝናው ሙሉ ነበር፣ ሰባት ጥይት። ሌላ ጥይት አልገዙም። «እንዴት አይገዙም እማማ?» ስላቸው «ለምን ይገዛሉ? ጦርነቱ አልቋል» አሉኝ። ሰባቱ ጥይቶች የቤተሰቡ የታሪክ መዝገብ ሆኑ። አንዱ የበኩር ልጃቸው ሲወለድ። አንዱ ንጉሡ ሲመለሱ፤ ወይም ከዚያ በፊት፣ እዚህ ላይ ቤተሰቡ ይከራከራል። አንዱ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ። አንዱ የአጎታቸው ቀብር ላይ። አንዱ ጅብ ላይ፣ ጅቡንም ስተውታል፤ ይህን ጥይት አባትየው እስኪሞቱ አንስተው አይጠግቡም ነበር። እማማ ሲወለዱ ግን አልተተኮሰም። «ሴት ናት ብለው ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። «አይደለም፤ ስድስተኛውን ለሠርጌ ነው ያቆዩት» አሉኝ። ሰባተኛው ከሸፈ።

አባትየው ሲያርፉ ሽማግሌ ተቀመጠ። መሬቱ ተከፈለ፣ ከብቱ ተከፈለ፣ ጋቢው ሳይቀር ተከፈለ። ሽጉጡ ግን አንድ ነው፤ ልጆቹ አምስት ናቸው። ታላቅ ወንድም የወንድ ነው አሉ። እማማ ደግሞ አባቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ አሉ። የሽማግሌዎቹ ፍርድ እንዲህ ሆነ፤ ሽጉጡን ታላቅ ወንድም ይውሰድ፣ ካዝናውን እሷ ትውሰድ፤ ሲስማሙ ይገጥሙታል። አልተስማሙም። ወንድምየው በአሰሳው ሰሞን ሽጉጡን የት እንዳደረሱት ሳይናገሩ ሞቱ። ካዝናው ግን እማማ ዘንድ ቀረ።

የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ ድሮ ዓለም በቃኝ እስር ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ኅብረቱ «ጠመንጃዎችን ዝም ማሰኘት» ብሎ ዘመቻ ካወጀ ወዲህ የፈረንጆቹን መስከረም የይቅርታ ወር አድርጎታል፤ በእኛ ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። ሕገ ወጥ መሣሪያ በዚያ ወር በፈቃዱ የሚያስረክብ እንዳይጠየቅ ለማበረታታት የታሰበ ነው። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው፤ ካዝናውን ያስረክቡ እንደሆነ ብዬ።

«ካዝና ብቻውን ምን አደረገ?» አሉኝ። «ጥይት የለው፣ ሽጉጥ የለው።»

«ሕጉ ምን እንደሚል ሳናውቅ አይሻልም ወይ እማማ? ፍርድ ቤቱ ደጃችን ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ከደረጃው ስወርድ ነው የማየው።»

«ታዲያ የት ነው ያስቀመጡት?»

ጋቢያቸውን አስተካከሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ጸሐፊ አይደለህ እንዴ?» አሉ። «ትጽፈዋለህ።»